የአባትህ አስራ ሰባት ፌርማታዎች

ማክሰኞ ከሰዓት፣ የካቲት 9

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ያው ነው፤ ልብስ ስፌቱን ግን አልተውኩም። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ አባትህ ነው። አትደንግጥ፣ እቤት ነው፤ መስኮቱ ሥር ፀሐይ ይሞቃል።

ትናንት ጠዋት ከመርፌዬ ቀና ስል በሩ ተከፍቷል፤ እሱ የለም። ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ወጣሁ። ዳቦ ጋጋሪውን ብጠይቀው፣ «ወደ አውቶቡስ ማደሪያው ሲሄድ አይቼዋለሁ፤ እንደ ድሮው ፈጠን ፈጠን እያለ» አለኝ።

ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም ነበር። አውቶቡሶቹ ተኝተው የሚያልሙ ይመስላሉ። የስምሪት ኃላፊው በር ላይ ጠበቀኝ።

«አይዞዎት እናቴ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ሠላሳ ዓመት የተቀመጠባትን ወንበር እንዴት ልከልክለው?»

አባትህ መሪውን ይዟል። ሞተሩ ዝም ብሏል፤ እሱ ግን ይነዳል። «ወፍጮ ቤት! ድልድይ! ትምህርት ቤት!» አስራ ሰባቱንም ፌርማታ ጠራ፣ አንዷንም ሳይስት። እራት መብላቱን የሚረሳ ሰው! ገብቼ ከኋላው ተቀመጥኩ። በመስታወቱ አየኝ።

«እመቤት፣ የት ይወርዳሉ?»

አንቱ አለኝ ልጄ፤ አርባ ዓመት አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው።

«መጨረሻ» አልኩት።

«እንግዲያው ብዙ እንጫወታለና!» ብሎ ሳቀ። ምን ልበልህ፣ እንደ ኮረዳ አፈርኩ። በጭጋጉ ውስጥ ቤቶቹ በጎናችን ሲያልፉ ያየሁ መሰለኝ። መውረዱ አስጠላኝ።

እዚያው እንደተቀመጥኩ የምትመረምረው ኢንዛይም ትዝ አለኝ። ሁለት የአንጎል ሕዋሳት የሚነጋገሩበት መገናኛ ላይ አለ፤ መልእክት ሲደጋገም ይነቃና መገናኛውን ያጠነክራል ብለኸኝ ነበር። «መልእክቱ ካለፈ በኋላም ቶሎ አይተኛም፣ እማ።» እኔ በስፌት ነው የገባኝ፤ ደጋግሜ የመታሁት ስፌት በቀላሉ አይተረተርም።

መደጋገም ከሆነ መድኃኒቱ ብዬ ዛሬ ፎቶህን አሳየሁት። ስምህን አብረን አስር ጊዜ አልነው።

«ጥሩ ስም ነው። የማን ልጅ ነው?»

«የእኛ።»

«ልጅ አለን እንዴ?» አለኝና ፊቱ በራ፤ በተወለድክ ቀን አንተን በጨርቅ ጠቅልለው ሲያስታቅፉት እንደበራው። እስከ ምሳ ድረስ ፎቶውን ከእጁ አላወረደም። ከምሳ በኋላ እንደገና ነገርኩት፤ እንደገና ደስ አለው።

ና አልልህም፤ ሥራህን አውቃለሁ። ድምፅህን ግን ቀድተህ ላክልኝ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ» ብቻ በል፤ ጠዋት ጠዋት አሰማዋለሁ።

በሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ፤ የያዝከው ይባረክልህ፤ ክፉ አይንካህ።

አባትህ «በጣም ናፍቆኛል በይልኝ» ብሎሃል።

እናትህ