ወደ ቡሬ የሄድክባቸው ቅዳሜዎች

ጌትዬ፣

ሰላም ልበልህ ብዬ እስክሪብቶ ካነሳሁ በኋላ እጄ ቆመብኝ። ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው፤ ለአንተ እንዴት ተብሎ እንደሚጀመር ግን አሁንም አልለመድኩትም።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ጓሮ የተከልከው ማንጎ ዘንድሮ አፈራ። ፍሬው ትንንሽ ነው፣ ግን ይጣፍጣል። ልጃችን ሜሮን ሽንዲ ጤና ጣቢያ ተመድባለች፤ መንገዱ ሰላም የሆነ ሳምንት ትመጣለች፣ ካልሆነ ድምጿን በስልክ እሰማለሁ። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። ሜዳልያዎቼ አንተ በሰቀልክበት ግድግዳ ላይ ናቸው። አቧራቸውን የምትጠርገው አንተ ነበርክ፤ አሁን ማንም አይጠርገውም።

የምጽፍልህ ግን ለቤት ወሬ አይደለም። በሕይወት ሳለህ አንድ ቀን እንኳ ያልጠረጠርኩህን ከሞትክ በኋላ ጠረጠርኩህ። እሱን ልንገርህ ብዬ ነው።

የጀመረኝ ለቅሶህ ላይ ነው። አለምነሽ ከቡሬ መጣች። ስሟ በቤታችን እንዴት ይጠራ እንደነበር ታውቃለህ፤ አይጠራም ነበር። በእርምጃ ውድድር አገር ያወቀን ሁለታችንን ነበር፣ እኔን ከፍኖተ ሰላም፣ እሷን ከቡሬ። ሦስት ጊዜ አሸንፌያታለሁ። በመጨረሻው ሻምፒዮና ደግሞ እየመራሁ፣ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው፣ ዳኞቹ ቀይ አሳይተው አስወጡኝ። አንተ አብረን ለምናሠለጥናቸው ልጆች ዘወትር ትል እንደነበረው፣ በእርምጃ ወደ ፊት የተዘረጋ እግር መሬት ሲነካ ጉልበቱ ቀጥ ማለት አለበት። የእኔ ታጥፏል አሉ። አለምነሽ ከኋላዬ መጥታ ወርቁን ወሰደች፤ ከዳኞቹም አንዱ የቡሬ ሰው ነበር።

ያን ቀን ከሜዳው ዳር ፎጣ ይዘህ ጠበቅኸኝ። «ተበድለሻል ደብሬ፤ ጉልበትሽ ንጹሕ ነበር» አልከኝ። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩት በዚያች ቃል ነው።

እንግዲህ ያቺ ሴት ድንኳናችን ገብታ እንደ ሥጋ ዘመድ አለቀሰች። ሌላው ሰው እንባውን ጠርጎ ወሬ ከጀመረ በኋላ እንኳ እሷ አላቆመችም። ለማን ነው ይህ ሁሉ እንባ ብዬ ከነጠላዬ ሥር ሳያት ዋልኩ።

ከአርባህ በኋላ ለሩቅ ዘመዶች ልደውል ስልክህን ከፈትኩ። «አ. ቡሬ» የሚል ስም አገኘሁ። ደውለሃል፣ ተደውሎልሃል፣ እንደገና ደውለሃል። ቁጥሩን ስሞክረው ያነሳችው እሷ ናት። ድምጿን እንደሰማሁ ዘጋሁት።

ያን ጊዜ ቅዳሜዎቹ ትዝ አሉኝ። በመጨረሻዎቹ ወራት፣ ከስተህ ኮትህ ትከሻህ ላይ አልቆም ብሎ፣ በየቅዳሜው ሚኒባስ ይዘህ ቡሬ ትሄድ ነበር። የኮሌጅ ጓደኛዬ ታሟል፣ ልጠይቀው ነው ትለኝ ነበር። የታመመ ሰው የታመመ ሰው ሊጠይቅ ሲሄድ አንገትህ ላይ ፎጣ እየጠመጠምኩ እስከ መናኸሪያው የምሸኝህ እኔ ነበርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ለሜሮንም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ለነፍስህ ስጸልይ ልቤ ቡሬ ይደርስ ነበር።

ልጆቹን ግን አልተውኳቸውም። አንተ አሰባስበህ እኔ አረማመዱን ያሳየኋቸውን አሥራ አንዱን ሴቶች ልጆች ጠዋት ጠዋት ወደ ማንኩሳ በሚወስደው አስፋልት ይዤ እወጣለሁ። ያገኘሁትን ለአገሬ ልጆች ልመልስ ብዬ ነው፤ ደግሞም ከእነሱ ጋር ስሆን ስለ አንተ አላስብም። የዞኑ ስፖርት ሰዎች ቡድናችንን ምሪልን ብለው መጡ። ስሜን ባነር ላይ ሊለጥፉበት ይሆናል ብዬ ብዙ አስለምኜ ተቀበልኩ። ከቡሬ ልጆች ጋር አብራችሁ ሥሩ ሲሉኝ ደግሞ ይህን ያቀናበረው ማን እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ እንቢ አልኩ።

ትርንጎን ታስታውሳታለህ፣ ረጅሟን፣ አንገቷን እንደ እኔ የምትሰብረውን። ከሁሉ የተሻለችው እሷ ናት። በጥር ቅዳሜ ቅዳሜ መቅረት ጀመረች። ማንኩሳ ያለች አክስቴን ላግዝ እየሄድኩ ነው አለችኝ። የሚኒባሱን ረዳት ስጠይቀው ልጅቱ ማንኩሳ ወርዳ አታውቅም፣ ቡሬ ድረስ ነው የምትከፍለው አለኝ። ጌትዬ፣ የዚያን ቀን የተሰማኝን ልገልጽልህ አልችልም። ቅዳሜ፣ ቡሬ፣ ደግሞም ውሸት። ልክ እንዳንተ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተከትያት ሄድኩ። ከቡሬ ሜዳ ዳር ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ አየሁ። አለምነሽ መሬት ላይ ተንበርክካ የትርንጎን ጉልበት በሁለት እጇ ይዛለች። ልጅቱ ትስቃለች። ከእኔ ጋር እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

ቀጥ ብዬ ሄድኩና «ባሌን ወሰድሽ፤ አሁን ደግሞ ልጄን?» አልኳት።

አለምነሽ ቀስ ብላ ተነሳች። ትርንጎን ውኃ ጠጥተሽ ነይ ብላ አራቀቻትና ጉልበቷ ላይ ያለውን አፈር አራገፈች። ተቆጥታ አልነበረም፤ ያ ነው ይበልጥ ያበሳጨኝ።

«ባልሽ እዚህ የሚመጣው ሊለምነኝ ነበር» አለችኝ። «‹እኔ መሞቴ ነው፤ የልጆቹን ጉልበት አንቺ አርሚልኝ› እያለ። ከሁሉም ለትርንጎ ነበር የሚጨነቀው። ልጅቱንም የላካት እሱ ነው፤ ደፍራ ለመምጣት ይህን ያህል ቆየች እንጂ።»

«ጉልበታቸው ምን ሆነ?» አልኳት።

«ያንቺው ነው፣ ደብሬ። ስትደክሚ ጉልበትሽ ይታጠፋል። ያን ቀንም ታጥፎ ነበር። እሱም አይቶታል።»

ትቻት ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጬ በየደጁ የተሰጣውን በርበሬ እያየሁ፣ የሞተ ሰው አይመልስም፣ በሱ ስም የፈለገችውን ብትል ማን ይመሰክርባታል እያልኩ ተመለስኩ። ይህንንም ካንተ ይልቅ እሷን መጠርጠር ስለሚቀለኝ ያልኩት ይመስለኛል።

ሦስት ሳምንት ያህል ታግዬ አንድ ጠዋት ለትርንጎ ስልኬን ሰጠኋት። እስኪደክመኝ ልሂድ፣ አንቺ ከጎኔ እየሮጥሽ እግሬን ቅረጭኝ አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ የላህ ወንዝን ድልድይ አልፌ፣ አህያ የሚነዱ ሰዎች ቆመው እያዩኝ፣ ትንፋሼ እስኪያልቅ ሄድኩ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ምስሉን በቀስታ እየጎተትኩ አየሁት። መጀመሪያ ላይ ቀጥ ይላል። ሲደክመኝ ይታጠፋል፤ በየእርምጃው። ደጋግሜ አየሁት።

በማግስቱ ሌሎቹን ልጆች ቀረጽን። ጌትዬ፣ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። ሁሉም ሲደክማቸው እንደ አንድ እናት ልጆች በአንድ ዓይነት ይታጠፋሉ። ያወረስኳቸው ይህንኑ ነው። ከተማው ሻምፒዮናችን እያለ ሲያከብረኝ እኔ የራሴን ጥፋት በልጆች እግር ላይ ስተክል ነበር፤ አንተም ይህን አይተህ፣ እኔን ሳታስቀይም ልታስቆመው እየሞትክ በሚኒባስ ትመላለስ ነበር።

ተመልሼ ቡሬ ሄድኩ። ይቅርታ ለማለት አልቻልኩም፤ የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ለምን ለእኔ አልነገረኝም አልኳት።

«እኔም ይህንኑ ጠይቄው ነበር» አለችኝ። «‹ብነግራት እኔንም ከዳኞቹ አንዱ ታደርገኛለች› አለኝ።»

ስንት ጊዜ አሰላሰልኩት መሰለህ። አላደርግህም ነበር ብዬ ልጽፍልህ ፈልጌ ነበር። ግን አደርግህ ነበር። ያን ቀን ፎጣውን ይዘህ እውነቱን ብትነግረኝ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ባሌን ማን በገንዘብ ገዛው እያልኩ እኖር ነበር። ስለዚህ አሁን የምጠረጥረው ራሴን ነው፤ ከእኔ ጋር ስትኖር ሌላ ስንት ነገር ዋጥክ? ሾርባዬን ስትጠጣ እንኳ ጣፈጠህ ወይስ ፈራኸኝ?

ልጆቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ለዞኑ ውድድር የቀረን ጊዜ አጭር ነበርና ሁሉንም ማረም አልተቻለም። ሁለቱ ቀይ አይተው ወጡ። ሣሩ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ «ጥፋቱ ከእናንተ አይደለም፤ እንዲህ አድርጌ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ» አልኳቸው። አንዷ እስካሁን አኩርፋኛለች፤ አልፈርድባትም። ትርንጎ አራተኛ ወጣች። ሜዳልያ አላገኘችም፤ ጉልበቷ ግን እስከ መጨረሻው ቀጥ እንዳለ ገባች። አንድ ዳኛ እንኳ ዞር ብሎ አላያትም።

አሁን የሁለቱ ከተማ ልጆች አብረው ነው የሚሠሩት። ቡድኑን የምትመራው አለምነሽ ናት፤ ለዞኑ ሰዎች እኔው ራሴ ሄጄ እሷ ትሁን አልኳቸው። እኔ ማሟሟቂያውን አሠራለሁ፣ የቤተሰብ ጣጣ ያለባትን ልጅ ቤቷ ሄጄ አባቷን አግባባለሁ። ደብሬ ተለውጣለች ብለህ ግን ብዙ አትመነኝ። አለምነሽና ልጆቹ ራቅ ብለው ሲሳሳቁ ዛሬም ስለ ምን ይሆን ብዬ ጆሮዬን እጥላለሁ።

በሰኔ ዝክርህን ስናወጣ አለምነሽ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። የንስሐ አባታችን ተነስተው ስለ አንተ መልካም መልካሙን ተናገሩና፣ መምህር ጌታሁን በዕድሜው ሙሉ ከአፉ ሐሰት ያልወጣ ሰው ነበር አሉ። እኔና እሷ ተያየን። ሳቄ አመለጠኝ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ጫንኩ፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰዉ ያለቀስን መስሎት አይዟችሁ አለን።

አልረሳህም፣ ጌትዬ። ሌላው ሰው እውነተኛውን መምህር ያስታውስ፤ እኔ የማስታውሰው በየቅዳሜው ዋሽቶኝ የወጣውን ነው።

ያንተው ደብሬ