የዘይነባ ጆከር

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ጋምቤላ

ዛሬ ማጆንግ የሚሉትን የቻይኖች የጠጠር ጨዋታ አሸነፍኩ።

አሜሪካዊቷ ነርስ ሄለን ቤት ለጨዋታ የጠሩኝ ከአራቱ ተጫዋቾች አንዷ ኢታንግ ስለተዛወረች እንጂ ወደውኝ አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ ጆከር እንደ ካርታ ጨዋታ የትም የሚገባ መስሎኝ ጥንድ ላይ አስገባሁት። ለካ የሚገባው ሦስትና ከዚያ በላይ አንድ ዓይነት ጠጠሮች መካከል ብቻ ነው። የያዝኩት ጠጠር ሁሉ፣ «እጅ» የሚሉት፣ ተሰረዘ። ባለ ሱቋ ዘይነባ ፊደል የቆጠርኩት በእርጅናዬ መሆኑን ስለምታውቅ፣ «እትዬ በለጡ፣ እርስዎ መጀመሪያ ፊደሉን ቢጨርሱ ይሻላል» ብላ አሳቀችብኝ። ሌላ ሰው እንፈልግ ማለቷንም ሰምቻለሁ።

ዛሬ የሄለን ካርድ ላይ ከተጻፉት አሸናፊ እጆች አንዱን ለመሙላት ቀይ ዘንዶ ከሚሉት ጠጠር ሦስተኛው ብቻ ቀረኝ። ያነሳሁት ግን የቀርከሃ ምልክት ያለበት ሰባት ሆነ። ልጥለው ስል ዘይነባ ፊቷ የዘረጋቻቸውን የቀርከሃ ሰባቶች አየሁ። አንዱ ጆከር ነው። ጆከሩ የቆመለትን ጠጠር የሰጠ ጆከሩን ይወስዳልና፣ ሰባቴን ሰጥቻት ጆከሯን ወሰድኩና በሦስተኛው ምትክ ከሁለቱ ዘንዶዎቼ ጎን አቆምኩት።

«ማጆንግ» አልኩ፤ ያሸነፈ እንዲህ ይላል።

ሄለን ከካርዱ ጋር አስተያይታ አጨበጨበች።

«የኔን ጆከር?» አለች ዘይነባ።

«ሕጉ ነው።»

ስወጣ ግን፣ «ቅዳሜ እንዳይቀሩ» አለችኝ።

«ከተመቸኝ» አልኳት። ካርዱን ግን ከሄለን ተውሼ መጣሁ፤ ሁለተኛውን መስመር እያጠናሁ ነው።