ስለ ጎደለው የሦስተኛ ቀን ገጽ

ለወደብ ከተማዋ የጎብኚዎች መስተንግዶ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለሦስት ቀን ጉብኝት የሞላሁት ቅጽ ተመልሶ ስለመጣልኝ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የባሕሩ ነፋስ ለጉልበትዎ ተስማምቶት፣ የማኅተምዎ ቀለም ሳይደርቅ፣ ወንበርዎም ሳይነቃነቅ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ፈጣሪን እለምናለሁ። እኔ ለእርሱ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደህና ነው፣ ዓይኔም ደህና ነው፣ ሌላውን ሆድ ይፍጀው።

እርስዎ እኔን አያውቁኝም፤ የእጄን ሥራ ግን ያውቁታል። «ሦስት ቀን በወደባችን» የተባለችው የጽሕፈት ቤትዎ ትንሽ መጽሐፍ በየዓመቱ በታተመች ቁጥር፣ በማተሚያ ቤታችን ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ እየዞርሁ ገጾቹን ከየክምሩ አንድ አንድ እያነሣሁ የምደረድረው፣ ጠርዛቸውን አስተካክዬ በሽቦ የምሰፋው እኔ ነበርሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ዞርሁ። የማሽን ክፍሉ ቀልደኛ «እኚህ ሰውዬ ዙሪያ ዙሪያውን የሄዱትን መንገድ ቀጥ አድርገው ቢሄዱት ኖሮ እስካሁን አሥር ጊዜ ወደቡ ደርሰው በተመለሱ» እያለ ይስቅብኝ ነበር፤ እኔም አብሬው እስቅ ነበር።

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁና ብዙ ሺህ ሰው የጋበዝሁበትን ከተማ እኔም ልየው ብዬ ተነሣሁ። በዝግጅቴ ላይ ያጋጠሙኝን ነገሮች እንደሚከተለው በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። መጽሐፏ በመጀመሪያው ቀን ጎብኚው የመብራት ማማውን መቶ አርባ ደረጃ ወጥቶ መርከቦች ሲገቡ እንዲያይ ትጋብዛለች። ስልክ ደውዬ ስጠይቅ የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛ ማር በሚመስል ድምፅ «አባት፣ ማማው እኮ ለእድሳት ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከታች ሆነው ቀና ብለው ማየት ግን ይችላሉ» አለችኝ። ቀና ማለት እስካሁን ያልተከለከለ መሆኑን በመስማቴ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በእርግጥ የተዘጋውን ደረጃ ለዘጠኝ ዓመት እየደረደርሁ ለሕዝብ ሳደርስ የኖርሁት እኔ ስለሆንሁ በዚህ ነገር ብዙ ባልጮህ ይሻለኛል።

ሁለተኛ። በሁለተኛው ቀን ወደቡን በጀልባ መዞር ነው። ጀልባዎቹ ትንንሽ በመሆናቸው፣ ጽሕፈት ቤትዎ እንደጻፈልኝ፣ «ሚዛን ስለሚያጋድል ነጠላ ተጓዥ አይሳፈርም»። አንድ ሰው ብቻውን ሲቀመጥ እንደሚያጋድል እኔ ያወቅሁት ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ፣ በእነዚህ ዐሥራ አራት ወራት ነው፤ እናንተ ግን በአንድ መስመር ጨርሳችሁታል። ከደብዳቤው ጋር የተላከልኝ ቅጽ ደግሞ ሁለተኛው ተጓዥ ያልተገኘበትን ምክንያት ይጠይቅና ሦስት ሳጥኖች ያቀርባል፦ ሕመም፣ ሥራ፣ ሌላ። ሞት የሚል ሳጥን አላየሁም፤ ለነገሩ እንደዚያ ባለ ውብ ከተማ ማን ይሞታል።

ባለቤቴን «ሌላ» ውስጥ ማስገባት ከበደኝ። «ሕመም» ላይ ምልክት ላደርግ እስክሪብቶዬን አሳረፍሁና እጄ ቆመ። ሕመሙ የያዛት በመጨረሻው ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት ላሉት ሠላሳ ዓመታት ምን ሰበብ ልስጥ? ጧት ጸሎት አድርሼ የተነሣሁበት ሰዓት ስለነበር መዋሸትም አልሆነልኝም። ስለዚህ «ሥራ» በሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ላክሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅጹ ተመለሰ፤ በጎኑም በቀይ እስክሪብቶ «ሥራ ስለመሆኑ ከአሠሪያቸው ማስረጃ ይያያዝ» የሚል ተጽፎበታል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ወረቀቱን እንደያዝሁ ጓዳ ገባሁና እሷ ሽንኩርት ስትልጥ በምትቀመጥበት በርጩማ ላይ ቁጭ አልሁ። ከዚያ ስነሣ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ከላይ ደህና ነው ያልሁትን ያርሙልኝ።

ሦስተኛ። ሦስተኛው አቤቱታዬ እርስዎን አይመለከትም፤ ቁጥሩን ስለጀመርሁት ብቻ ልጨርሰው።

ከብዙ ዓመት በፊት ገጾቹን ስደረድር እጄ ስቶ የሁለተኛውን ቀን ገጽ ደርቦ አነሣና የሦስተኛውን ዘለለ። ጠረጴዛ የሚዞር ሰው ሁሉ የሚሠራት ስህተት ናት። ተቆጣጣሪው ያቺን ቅጂ አገኘና የተበላሸ ህትመት ወደሚጣልበት ቅርጫት ወረወራት፤ ከቅርጫቱ መውሰድ የተፈቀደ ስለነበር ለባለቤቴ ይዤላት ገባሁ። ጠርዟ እስኪሳሳ አነበበቻት። ዓሣ ገበያውንም ማማውንም በቃሏ ያዘች። ሁለተኛው ቀን ላይ ስትደርስ «ይሄ ጀልባ ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የሚያዞረን?» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያም «አንተ፣ ሦስተኛው ቀንሳ?» አለችኝ። «ስንሄድ ታይዋለሽ» አልኋት።

ስንሄድ! በመጀመሪያ የመማሪያ መጻሕፍት ወቅት ነበር፤ ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያ መጣ፤ ቀጥሎ ሰርገኛ ሁሉ በአንድ ወር ካልተጋባሁ ብሎ የጥሪ ካርድ ጎረፈ። እሷም ልብስ ስትተኩስ ሦስተኛውን ቀን ከራሷ ትፈጥረው ጀመር። አንድ ጊዜ በመርከቦች ላይ ስም የሚጽፈውን ሰው ሄደን እናያለን ትለኛለች፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ «እግሬን ባሕር ውስጥ እነክራለሁ፤ አንተ ጫማዬን ትጠብቃለህ፤ ያንን ሰዓትህን ግን አውልቀህ ጫማው ውስጥ ትከተዋለህ» ትለኛለች። እኔ «እሺ» እያልሁ ሰዓቴን አያለሁ።

ጤነኛዎቹ ቅጂዎች በእጄ ላይ በሺህ ያልፉ ነበር። አንዷን ያላመጣሁላት የሰው ንብረት ነው ብዬ ነው፤ በዚህም ራሴን እንደ ጻድቅ እቆጥር ነበር። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ከትእዛዛቱ አንዷን ጠበቅሁና ከጀርባዋ ተደበቅሁ። ደግሞስ ወረቀቱን መውሰድ ነውር ቢሆን በቃሌ መንገር ማን ከለከለኝ? እውነቱን ለመናገር፣ መጽሐፏ ከሞላች ባለቤቴ «በል እንግዲህ ተነሥ» ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነው። ሦስት ቀን ብጠፋ ማተሚያ ቤቱ የሚፈርስ ይመስለኝ ነበር። ጡረታ በወጣሁ ማግስት የረሳሁትን መነጽር ልወስድ ስሄድ ጠረጴዛውን ሌላ ሰው ይዞረው ነበር፤ ለአንድ ቀን እንኳ አልቆመም።

በለቅሶው ቤት የባለቤቴ ታላቅ እህት በሰው ፊት «አንተ ሰውዬ፣ ስንቱን ወደ ባሕር ስትልክ ኖረህ የእኔን እህት ከጓዳ ማውጣት አቃተህ?» ስትለኝ ኀዘን ነው የሚያናግራት ብዬ አለፍሁት። ኀዘን አልነበረም።

በዚያች በጎደለችው ገጽ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር፣ ክቡር ሆይ፣ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፦ «ሦስተኛ ቀን፤ ነጻ ቀን። እንደ ወደዳችሁ።» ከሥሩም ባዶ አግዳሚ ወንበር ተሥሏል። ሌላ ምንም የለም። እሷ በየምሽቱ የፈጠረችው ሁሉ ልክ ነበር፤ ልክ ነሽ የሚላት ሰው ግን አላገኘችም።

ስለዚህ የጠየቁትን የአሠሪ ማስረጃ እነሆ፦

በቅጹ ላይ ስሟ የተጠቀሰው ሁለተኛዋ ተጓዥ ለሠላሳ አንድ ዓመት በቤቴ ያለ ዕረፍት ስትሠራ የቆየች መሆኗን፣ የሦስት ቀን ፈቃድ በጨዋታም በቁም ነገርም ደጋግማ የጠየቀች መሆኗን፣ ሳልከለክልም ሳልፈቅድም «ስንሄድ» እያልሁ ያስቀረኋት አሠሪዋ እኔ መሆኔን አረጋግጣለሁ። ማኅተም ስለሌለኝ የአውራ ጣቴን አሻራ አኑሬያለሁ፤ ወረቀት ሲያጥፍ የኖረ ጣት ነውና መስመሩ ባይታይ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በጋዜጣ ማውጣቴም ማንንም ለማሳጣት አይደለም፤ በጓዳ የተሠራን በደል በጓዳ ሲናገሩት እጅግ ስለሚቀል ነው።

ማስረጃው ቢሟላም በጀልባው አልሳፈርም። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ቀን ለጽሕፈት ቤትዎ ትቻለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ብቻ እመጣለሁ። ከአውቶቡስ ወርጄ አግዳሚ ወንበሩን እፈልጋለሁ፤ ጫማዬን አወልቃለሁ፤ ሰዓቴን ውስጡ እከታለሁ፤ ጫማ የሚጠብቅልኝ ሰው ግን የለኝም። ለዚህም የሚሞላ ቅጽ ካለ በጊዜ ይላክልኝ።

ማማው ታድሶ በሩ እስኪከፈት ድረስ ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥዎ፤ ይህም በእኔ ግምት ማቱሳላን የሚያስቀና ዕድሜ ነው።

የእርስዎንና የጽሕፈት ቤትዎን ግብዣ ለሰው ሁሉ አድርሶ ለቤቱ ያላደረሰው፣
ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣው፣
የቀድሞ ገጽ ደርዳሪ፣ የአሁን ነጠላ ተጓዥ

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ ታላቅ እህት፣ «ልክ ነበርሽ» ተብሎ እንዲነበብላት

የተረሳ ነገር፦ በእኔ ቦታ የተተካው ሰው እንደነገረኝ፣ በዘንድሮው እትም የሦስተኛው ቀን ገጽ «ምንም አልተጻፈበትም» ተብሎ በጽሕፈት ቤትዎ ውሳኔ እንዲቀር ተደርጓል። እኔ ያቺን ገጽ የጣልኋት በእጅ ስህተት ነበር፤ የእናንተ በስብሰባ መሆኑ ይለያል። ከእናንተ መካከል ቤቱ ሲገባ «ሦስተኛው ቀንሳ?» የሚል ሰው የሚጠብቀው ካለ፣ ዛሬውኑ ይንገራት።