ያልዋጥከው ክኒን

ለምወድህና ለተናደድኩብህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? እማዬን ጉልበቷ ተሻላት? አባባንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ደሜ ግን ፈልቷልና ቁጭ ብለህ አንብበኝ።

ሚስትህ እኔ ጋ ናት። "ሸተትሽኝ፣ ከየት ነው ያመጣሽው?" ብለህ ካባረርካት በኋላ አባቷ ቤት መግባት አፍራ እኔ ዘንድ መጣች። አልጋው ላይ ውጪ ብላት "አንሶላሽን አቆሽሽብሻለሁ" ብላ በሩ ሥር ኩርምት አለች። የሰው አንሶላ ሳጥብ የምውል ሴት ነኝ፤ እንዲህ የሚያም ቃል ሰምቼ አላውቅም። ሽታው እንዲጠፋላት ውስጧን በሳሙና ስታጥብ ከርማ ቆስላለች።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተሯ መርምራት "በግንኙነት የሚተላለፍ ኢንፌክሽን ነው፤ በመድኃኒት ይድናል። ውስጥን በሳሙና ማጠብ ግን ያባብሰዋል" አለች። ቀጥላም "ባለፈው ታክመሽ ነበር፤ ባልሽ የእሱን ክኒን አልወሰደም?" ብላ ጠየቀቻት። ሚስትህ አንገቷን ደፍታ ነገረቻት። ለካ "እኔ ምን ሆኜ ነው የምውጠው?" ብለህ ደጅ ወርውረኸዋል!

ስማኝ እንግዲህ። ወንድ ምንም ሳይሰማው ተሸክሞት ሊዞር ይችላል። መቼ እንደጀመረ፣ ከማን እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ እኔም አንተን አልወነጅልህም። አንተ ግን በምን አፍህ ወነጀልካት? ከዳነች በኋላ መልሰህ አስይዘሃት፣ መልሰህ "ቆሻሻ" ትላታለህ? ሰፈሩ "አንበሳው" ሲልህ ደረትህን ትነፋለህ፤ ጥቂት ፍሬ ክኒን ግን አስፈራህ። አንጀቴን አሳረርከው!

አሁን ድናለች። ከእኔ ጋር ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ገብታለች። ትናንት ልብስ የምትተኩሰው ባልደረባችን ስለ አለቃችን ስትቀልድ ሚስትህ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ሳቋን ረስቼው ነበር። አንተ ካልታከምክ አልሰዳትም፤ ሽማግሌ ብትልክም ሽማግሌዎቹን ራሴ ጤና ጣቢያ ነው የምወስዳቸው።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ ለጎረቤት "ምራቴ ታመመች" ማለቷን ትተው፣ ልጇም ታሟል። አባባን ጤና ይስጥልኝ በልልኝ። ትንሿን እህታችንን ጉንጯን ሳማት፤ የሚያሳክካት ነገር ቢኖር ሳታፍር ትንገረኝ፣ እኔ አልቆጣም።

ሚስትህን "ምን ልበልልሽ?" አልኳት። የሥራ ሽርጧን እያሰረች "ይታከም" አለች። ሰላምታ ጨምሪ ብላት ቋጠሮውን አጥብቃ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እህትህ
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ የካቲት ፲፬ ቀን