አባባ ይበሰብሳል ያለው ላስቲክ

ሐምሌ 11 ቀን 2008

ዝናብ። ከላብራቶሪ ቀርቼ ሱቅ ዋልኩ። አባባ አዲሱን የችግኝ ላስቲክ ለአንድ የይርጋጨፌ ሰውዬ ሲያሳይ ነበር። “ይሄ እንደ ድሮው አይደለም፣ ወላሂ ይበሰብሳል። ልጄ ሐያት ዩኒቨርሲቲ ይሄንኑ ነው የምታጠናው” አለ፣ በአገጩ ወደ እኔ እየጠቆመ። ሰውዬው ዞር ብሎ አየኝና አመነ። ደስ አለኝ... ከበደኝም። ገና ልጀምር ነው እኮ።

ሐምሌ 14

ጀመርኩ። ሦስት ረድፍ ብርጭቆ። አንዱ ንጹህ ውሃ፣ አንዱ የተለመደው ላስቲክ ደቅቆ የገባበት፣ አንዱ የአባባ የሚበሰብሰው። በየብርጭቆው የውሃ ቁንጫዎች። ስማቸው ነው እንጂ አይነክሱም። የጤፍ ፍሬ የሚያክሉ፣ ውሃ ውስጥ ብድግ ቁጭ የሚሉ ፍጥረቶች። አረንጓዴውን የውሃ ሽበት፣ አልጌውን፣ ይበላሉ፣ እነሱን ደግሞ ዓሣ ይበላቸዋል።

እማዬ ስትሰማ ሳቀች። “ሰው ቁንጫ ከቤቱ ያስወጣል፣ የኔ ልጅ ቀለብ ትሰፍርለታለች!” አባባ አልሳቀም። “የኔ ላስቲክ ያለበት ደህና ናቸው?” “ገና ነው አባባ።” “ደህና ይሆናሉ።”

ነሐሴ 5

የሚበሰብሰው ውስጥ ያሉት አልወለዱም ማለት ይቻላል። ከተለመደው ላስቲክም የባሰ! ንጹሁ ውሃ ውስጥ ልጆቻቸው ይርመሰመሳሉ። ተሳስቼ ይሆን? ብርጭቆውን በደንብ አላጠብኩት ይሆን? አንጀታቸው ውስጥ ጥቁር መስመር ይታያል። ላስቲኩን በልተውታል። ሆዳቸው ሞልቶ ይራባሉ...

አማካሪዬ ዘርዓብሩክ አይቶ “ድገሚው” አለኝ። እደግማለሁ። ስህተት በሆነ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለምርምር እንዲህ አይጸለይም።

ነሐሴ 9

አባባ ከባንኮ ጎቲቲ ደስ ብሎት ተመለሰ። ባልቻ የሚባል የቆየ ደንበኛው ችግኝ ተክሎ ጨርሷል። የተላጠውን ላስቲክ ምን አደረገው አልኩ። “እንደ እንሰት ቅጠል ከትፎ ከምንጩ በታች ያለው ኩሬ ውስጥ ዘፈዘፈው። ቶሎ በስብሶ ለቡናው እግር ማዳበሪያ እንዲሆን። ጎረቤቶቹም እንደሱ አደረጉ።”

“ማን አላቸው?”

“እኔ ነኛ! ውሃ የማያበሰብሰው ምን አለ?”

ጥጆቻቸው ከዚያ ይጠጣሉ። ምን ልበለው? አንድ ሙከራ ብቻ ይዤ?

ነሐሴ 27

ሁለተኛውም ያው።

ዘርዓብሩክን ጠየቅሁት። “ይበሰብሳል የሚባለው በልዩ ማበስበሻ፣ በኃይለኛ ሙቀት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይደቃል እንጂ እንዲህ በቶሎ አይበሰብስም” አለኝ። ይደቃል... ማለት ለቁንጫ አፍ ይመቻል። ባልቻ በቆንጨራ ጀመረው፣ ጥጆቹ ረግጠው ይጨርሱታል።

ነሐሴ 28

ለአባባ ልነግረው ሱቅ ሄድኩ። ሰው ነበር። ተመለስኩ። ፈሪ።

ነሐሴ 29

ነገርኩት። አላመነኝም፣ ላብራቶሪ ወሰድኩት። በሩ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል ያዝኩት። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። የቁንጫዎቹ ገላ እንደ መስታወት ነው፣ ውስጣቸው ይታያል። ብዙ ቆየ።

“ይሄ የሚመታው ምንድነው?”

“ልቡ ነው አባባ።”

“ይቺም ነፍስ ልብ አላት?”

ከዚያ ጥቁሩን አየ። ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ቀና ብሎ “ጥጃውስ? ሰውስ?” አለ። አላውቅም አልኩት። ያየሁት ይሄን ብቻ ነው። “እኔ ግን ሳላውቅ ወላሂ ብያለሁ” አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ዛሬም አላሳየኝም።

ጳጉሜን 1

አባባ ላስቲኩን ከመደርደሪያ አወረደው። ባንኮ ጎቲቲ እሄዳለሁ ሲል እማዬ ተቆጣች። “አረፋ ደርሶ! አገር ቤት እየጠበቁን! ስንመለስ አይደርስም?” “ሰው አሳስቼ አረፋ ልበላ? አይሆንም መሪማ።”

ጳጉሜን 3

ባንኮ ጎቲቲ ደርሰን መጣን። ልብሴ አልደረቀም።

ባልቻና ጎረቤቶቹ ኩሬው ዳር ቆመው ነበር። አባባ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። እኔም ተከተልኩት። ትልልቁን ቁራጭ በወንፊት እያፈስን ጆንያ ሞላን። ደቃቁ ግን በነካነው ቁጥር ይነሳል። በመዳፌ ዘገንኩ፣ ውሃና ጥቁር ብናኝ። ቁንጫ ፈለግሁ፣ አንድም አላየሁም። ድሮም አልነበሩ ይሆናል... መጥቼ አይቼ አላውቅማ።

አባባ ውሃው ውስጥ እንደቆመ ተናገረ። “ውሃ ያበሰብሰዋል ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው። አያበሰብሰውም። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።”

አንዲት ሴት ጥጃዋን ወደ ኋላ ጎተተች። በኋላ ባልቻ እጁን ዘርግቶ አባባን ስቦ አወጣው፣ እኔም ተከትዬ ወጣሁ።

“ሙሐመድኑር፣ አንተ እኛን አላታለልክም። እኛ አውፍ ብለናል።” ከዚያ ኩሬውን አየ። “ውሃዋስ? እሷ አውፍ ትላለች?”

አባባ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ወንፊቱን ይዤ ተመልሼ ውሃው ውስጥ ገባሁ።