ሥሩ መሬት የማይነካው ቅጠል

ለውድ ወንድሜ ለዝናው፣

እንዴት ሰነበትክ? የጅቡቲ ሙቀት፣ የወደቡ ሸክም፣ ያ የሚያምህ ወገብህ እንዴት አደረገህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትህ በቀር ሕመም የለብኝም።

«መሬቱ ጨው ነው፤ ያለ አፈር የሚኖር ትንሽ ነገር ፈልጊልኝ፣ ልምላሜ ናፈቀኝ» ያልከኝን እንደ ቀልድ አልያዝኩትም። መጀመሪያ ጤና አዳም ጠርሙስ ውስጥ አቆምኩ፤ በሳምንቱ ሸተተ። ቀጥዬ ያቆምኩት ናና ሥር ቢያወጣም አድጎ አድጎ ጠርሙሱን ገለበጠው። ያንተ ቦታ ደግሞ አንዲት የመስኮት ጠርዝ ብቻ ናት።

በመጨረሻ ዓሣ አጥማጁ ጎረቤታችን ኡበይድ ከሐይቁ ዳር ከምስር ያነሰ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቅጠል በጣሳ አመጣልኝ። ስሙን ብጠይቀው «ወላሂ፣ ዓሣ ሲበላው እንጂ ሰው ስም ሲያወጣለት አላየሁም» አለኝ። ከሥሩ እንደ ክር የቀጠነች ነገር ተንጠልጥላለች፤ ምንም አትነካም። የገበሬ ልጅ ነኝና አንጀቴ አልቻለም፤ ከአባባ ማሳ አንድ እፍኝ አፈር አምጥቼ ጨመርኩለት። ውሃው ደፈረሰ፣ በአራተኛው ቀን ከረፋ። ኡበይድም «አዝነሽ ገደልሽው» ብሎ እየሳቀ ሌላ አመጣልኝ።

ሁለተኛውን እጄን ሰብስቤ ተውኩት። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ ጣሳውን ሸፈነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ይሄ ያለ አፈር እንዲህ ከኖረ ዝናውም ያለ እኔ መኖር ለምዶ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ዋሸሁህ፤ ሁለት ጊዜ ስትደውል «ገና አላገኘሁም» ያልኩህ ጣሳው አጠገቤ ተቀምጦ ነው። ባለፈው እሑድ ግን «ተይው እትዬ፣ የለም ማለት ነው» ስትል ድምፅህ ሲሰበር ሰማሁ። የራሴን ብቸኝነት ፈርቼ ባንተ ላይ ጨከንኩ፤ ይቅር በለኝ።

ይኸው በጭነት መኪና ሹፌሩ በአብዱልከሪም እጅ ልኬልሃለሁ። ከምትጠጣው ውሃ እየጨመርክ ጥላ ሥር አኑረው። ሌላ ምንም አትጨምርበት፤ አፈርም ቢሆን። ብቻ ለመስከረሟ ግሸን እመጣለሁ ያልከው እውነት ነው? እሱን እንኳ እንደ እኔ አትዋሽ።

አብረውህ ለሚኖሩት ለመዝገቡና ለረዳ ሰላም በልልኝ። ከዚህ ቤት ሰላም የሚሉህን ስጽፍ ድሮ ወረቀቱ ይጠበኝ ነበር፤ አባባና እማማ በሕይወት ነበሩ፣ እህታችን ማህደርም አልተዳረችም ነበር። አሁን ከቤታችን ሰላም የምልህ እኔ ብቻ ነኝ።

እህትህ ስህን
ሐይቅ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.