ሶሊ ባሮ ዳር የጠፋችበት እሑድ

ልጄ መቅደላዊት፣ የሰው አገር እንደ እናት ቤት ይሁንልሽ። ወንበር ስበሽ ቁጭ በይና አንብቢ፤ ከባድ ነገር ደርሷል። ልጅሽ ሶሊ እሑድ ዕለት ባሮ ወንዝ ዳር ጠፋች።

ክረምት ላይ ወደ አንቺ ስትወስጃት «ናይሮቢ ልጅ ማዝናናት ውድ ነው» እንዳትይ፣ በነጻ እንደሚቻል ልሞክርልሽ ብዬ ነው ያወጣኋት። ምንጣፍ፣ ዳቦ፣ የማንጎ ጥላ፤ በቃ። አባትሽ ሰርግ የተጠራ ይመስል ሱፍ ለብሶ በዚያ ሙቀት እንደ ሻማ ይቀልጣል። በእሱ ስቄ ዞር ስል ልጅቷ የለችም።

ሳቄ ደረቀ። ወንዙ አዞ አለው። አባትሽ ከነጫማው ውኃ ውስጥ ገባ፤ እኔ ስሟን እየጠራሁ ከማንጎ ማንጎ ሮጥኩ። አንዲት የአኝዋክ እናት ከምንጣፏ ላይ ሆና፣ «እማማ፣ ለምን ትጮሂያለሽ? ልጅ ምግብ ይበላል» አለችኝ። ሶሊ ከልጆቿ መሐል ተቀምጣ ዓሣ ትበላለች! እዚህ ምግብ አጠገብ የቆመ ልጅ የማን ነህ ሳይባል እንደሚበላ ድንጋጤው አስረሳኝ።

አንቺም እዚያ ስትወጪ ልጆች ካሏት ሴት አጠገብ አንጥፊ። እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክ። ሶሊን ግን እስከ መስከረም ተይልኝ፤ ቤቱ ያለእሷ አይሆንልንም። ደግሞ አትቆጪኝ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ የጠፋችው ከምንጣፋችን ሃያ እርምጃ ርቃ ነው።

እናትሽ እታገኝ